የቲዩብ አምፕሊፋየር አመራረጥና ከሄድፎን ወይም ከስፒከር ጋር ማጣመር፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ሙዚቃን ተረጋግቶ ማዳመጥ የሚወድ ሰው ውሎ አድሮ ስለ ቲዩብ አምፕሊፋየር (በትራንዚስተር ፋንታ አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ) መጠየቁ አይቀርም። አንዱ ዘመዱ ከውጭ አገር ልኮለት፣ ሌላው ከአያቱ ቤት ያገኘውን ሬዲዮ ታቅፎ፣ ሌላው ደግሞ በፎቶ ያየው የቲዩብ ብርሃን ልቡን ወስዶት ይመጣል። የሚጠይቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍኩም።

መጀመሪያ የቱን ልግዛ? አምፕሊፋየሩን ወይስ ስፒከሩን?

ስፒከሩን ወይም ሄድፎኑን። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ይህን ቅደም ተከተል ከመገልበጥ ነው። ሰው በቲዩቡ ውበት ተማርኮ አምፕሊፋየሩን ይገዛል፤ ከዚያ ያገኘውን ስፒከር ይገጥምለታል፤ ድምፁ ሲደክም ወይም ባሱ ሲዝረከረክ ቲዩቡን ይወቅሳል። ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ከብዙ ዓይነት ስፒከር ጋር ይግባባል። የቲዩብ አምፕሊፋየር ግን ጉልበቱ አነስተኛ፣ የውፅዓት ኢምፒዳንሱም (በኦም የሚለካው የመውጫው ተቃውሞ) ከፍ ያለ ስለሆነ የሚገጠምለትን ይመርጣል።

ስለዚህ አስቀድመው የት፣ በስንት ሰዓትና ከማን ጋር እንደሚያዳምጡ ይወስኑ። ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩና ሙዚቃ የሚሰሙት ማታ ማታ ከሆነ ለእርስዎ የሚበጀው ሄድፎን ነው፤ ለጎረቤትም ለእርስዎም ሰላም ነው። ሰፋ ያለ ሳሎንና የሚያዳምጥ ቤተሰብ ካለዎት ወደ ስፒከር ይሂዱ፣ ከገንዘብዎም ትልቁን ድርሻ ለእሱ ይስጡ።

የቲዩብ ድምፅ በእርግጥ ይለያል ወይስ ወሬ ነው?

ይለያል። ማንኛውም አምፕሊፋየር በተቀበለው ድምፅ ላይ የራሱን ጥቂት ነገር ይጨምራል፤ ዋናው ነጥብ የሚጨምረው ምን እንደሆነ ነው። በየቻናሉ አንድ የኃይል ትራዮድ (ሦስት ዋና ክፍሎች ያሉት ቲዩብ) ብቻ የሚሠራበት ሲንግል ኤንድድ የሚባለው አሠራር በዋናነት የሚጨምረው ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ነው። 220 ኸርዝ ለሆነ ድምፅ ሁለተኛው ሃርሞኒክ 440 ኸርዝ ይሆናል፤ ከዋናው በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ጆሮ ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሙላት ይቀበለዋል። ማሲንቆ ላይ በደንብ ይሰማል፦ የፈረስ ጭራው በደጋኑ ሲፈተግ የሚወጣው ድምፅ ራሱ በሃርሞኒክ የታጨቀ ነው፣ የተጨመረው ነገርም ከእሱ ጋር ይዋሃዳል። ቲዩቦቹ ጥንድ ሆነው በፑሽ ፑል ሲሠሩ ደግሞ ሁለተኛው ሃርሞኒክ በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ድምፁ ንጹሕና ጉልበታም ይሆናል፣ ያ ሙላት ግን ይቀንሳል። በሌላ በኩል ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም፤ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። ጮኾ ሲበላሽ እንኳ ጆሮ የማይወጋው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ እውነቱን ልናገር፦ በመለኪያ ካየነው ጥሩ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ከአብዛኛው የቲዩብ አምፕሊፋየር ያነሰ መዛባት አለው። ቲዩብ ያልተቀዳ ነገር አያመጣም። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ ቅጂ ከነጭረቱ ነው የሚሰማዎት።

ባለ 8 ዋት አምፕሊፋየር አየሁ። ለሳሎን ይበቃል?

የዋቱ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። በስፒከሩ ጀርባ ወይም በመመሪያው ላይ በዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) የተጻፈውን ይመልከቱ። ቁጥሩ የሚነግርዎ 1 ዋት ተሰጥቶት 1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚጮኽ ነው። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8 ዋት ሲሄዱ ሦስት ጊዜ እጥፍ አደረጉት፤ 9 ዴሲቤል ጨመሩ ማለት ነው። ስለዚህ 88 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ8 ዋት የሚደርሰው 97 ላይ ነው፤ 96 የሆነው ግን 105 ይደርሳል። 97 ዴሲቤል በ1 ሜትር ለክራርና ለአንድ ድምፃዊ ከበቂ በላይ ነው። እርስዎ 3 ሜትር ርቀው ከተቀመጡና ከበሮና ነሐስ መሣሪያ የበዛበትን ባንድ ጮክ አድርገው ከፈለጉ ግን ጫፉ ላይ ይታፈናል።

ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማየት ሁለት ታዋቂ ስፒከሮችን ላነጻጽር። ቢቢሲ ለስቱዲዮ ሥራው የነደፈው ትንሹ ኤልኤስ3/5ኤ 83 ዴሲቤል ገደማ ነው። የክሊፕሽ ሄረሲ አራተኛው ስሪት 99 ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱን እኩል ለማስጮኽ ለመጀመሪያው በግምት 40 እጥፍ የሚሆን ዋት ያስፈልገዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ አምራቾች ቁጥሩን የሚለኩት በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ሁለቱ አንድ ናቸው። 4 ኦም ከሆነ ግን 2.83 ቮልት 2 ዋት ስለሚሆን ከተጻፈው ላይ 3 ዴሲቤል ይቀንሱ።

ከቲዩቦቹ የሚጠበቀው ጉልበት በግምት ይህን ይመስላል። ነጠላ 2ኤ3 ከ3 ዋት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ነጠላ ኢኤል84 5 ዋት፣ ነጠላ 300ቢ ደግሞ 8 ዋት ገደማ ይሰጣል። በፑሽ ፑል ጥንድ ኢኤል84 ከ12 እስከ 15፣ ጥንድ ኢኤል34 ከ30 እስከ 40፣ ጥንድ ኬቲ88 50 ዋትና ከዚያም በላይ ይሰጣሉ። ስፒከርዎ ከ88 ዴሲቤል በታች ከሆነ ከነጠላ ትራዮድ ይራቁ። ለተራ የጎንደር ሳሎንና 90 ዴሲቤል አካባቢ ለሆነ ስፒከር እኔ የምመርጠው ጥንድ ኢኤል84 ነው፤ ሙቀቱ ልከኛ፣ ቲዩቡም ውድ ያልሆነ ነው።

ከኋላው 4፣ 8 እና 16 የሚሉ መግጠሚያዎች አሉት። በየትኛው ልጠቀም?

በስፒከሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር በሚመሳሰለው ይጀምሩ። ምክንያቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። የኃይል ቲዩብ የሚፈልገው ሸክም በሺዎች የሚቆጠር ኦም ነው፤ ስፒከር ደግሞ 8 ኦም ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የውፅዓት ትራንስፎርመሩ ነው። ጥምጥሙ 25 ለ1 ከሆነ ኢምፒዳንሱን በ625 ያባዛል፤ 8 ኦም ስፒከር ለቲዩቡ 5,000 ኦም ሆኖ ይታየዋል። በዚያው በ8 መግጠሚያ ላይ 4 ኦም ስፒከር ቢያስሩ ቲዩቡ የሚያየው 2,500 ይሆናል፤ ብዙ ከረንት ለመስጠት ይገደዳል፣ መዛባቱም ይጨምራል።

8 ኦም ተብሎ የተጻፈበት ስፒከር በአንዳንድ ድምፆች ላይ እስከ 4 ወይም 3 ኦም የሚወርድበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በ4 መግጠሚያ ላይ ይሻለዋል። በሁለቱም ሞክረው ያዳምጡ፤ ባሱ የሚጠብቅበትን ይምረጡ። አምፕሊፋየሩን ሳያጠፉ ግን ገመድ አይንቀሉ።

ከገበያ የገዛሁት ስፒከር ምንም ጽሑፍ የለውም። የመኪና ስፒከር በሣጥን ገጥሜ ብጠቀምስ?

ቅዳሜ ገበያ የሚገኙ ያገለገሉ ስፒከሮች ጽሑፋቸው የጠፋ ብዙ ነው። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው ሁለቱን እግሮች ይለኩ። ከ5.5 እስከ 7 ካሳየ ባለ 8 ኦም ነው፤ ከ3 እስከ 3.5 ካሳየ ባለ 4። መለኪያው የሚያነበው የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ከስም ቁጥሩ ያንሳል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቃጥሏል።

የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው። ሁለቱን በተከታታይ ቢያገናኙ 8 ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 8 ጎን ለጎን ቢያገናኙ ደግሞ 4። ይሠራል፤ ነገር ግን የመኪና ስፒከር የተሠራው ለበር ውስጥና ለጉልበተኛ አምፕሊፋየር ስለሆነ በጥቂት ዋት ብዙ አይናገርም። ትልቅ የወረቀት ኮን ያለው የድሮ ስፒከር ካገኙ ያን ይምረጡ።

ስፒከር ሳልገጥም ባበራው ችግር አለው?

አለው፤ ትልቅ ችግር። ሸክም በሌለበት ድምፅ ከገባ በውፅዓት ትራንስፎርመሩ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠርና የጥምጥሙን መከላከያ በብልጭታ ሊበሳው ይችላል። ትራንስፎርመር ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ ውድ አካላት አንዱ ነው። ከትራንዚስተር አምፕሊፋየር ለሚመጡ ሰዎች ይህ እንግዳ ነው፤ እዚያ የሚፈራው ሁለቱ ሽቦዎች መነካካታቸው ነው።

ባለ 32 ኦም ሄድፎን አለኝ፤ ለቲዩብ ባለ 300 ግዛ ይሉኛል። ልክ ናቸው?

መልሱ አምፕሊፋየሩ የውፅዓት ትራንስፎርመር አለው ወይስ የለውም በሚለው ላይ ይወሰናል፤ ሻጩን በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን።

ትራንስፎርመር የሌላቸው፣ ኦቲኤል የሚባሉት፣ ቲዩቡ በካፓሲተር በኩል ሄድፎኑን በቀጥታ እንዲነዳ ያደርጋሉ። ብዙውን ጊዜ የኃይል ቲዩባቸው 6ኤኤስ7 ወይም ወንድሙ 6080 ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ለቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነበር። ዳርክቮይስ 336 እና ቦትልሄድ ክራክ ከዚህ ወገን ናቸው። የእነዚህ የውፅዓት ኢምፒዳንስ በአሥሮች ይቆጠራል፣ ከ100 ኦም የሚያልፍበትም አለ። 100 ነው እንበልና እናስላ። ባለ 300 ኦም ሄድፎን ብንሰካ ከቮልቴጁ ሦስት አራተኛው ሄድፎኑ ላይ ይደርሳል። ባለ 32 ብንሰካ የሚደርሰው ሩቡ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ይቀራል።

ከጉልበቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የድምፁ መለወጥ ነው። የአብዛኛው ዳይናሚክ ሄድፎን ኢምፒዳንስ በባስ አካባቢ ከፍ ይላል። ባለ 300 ኦሙ ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 ባስ ላይ ወደ 500 ኦም ይጠጋል። ከ100 ኦም አምፕሊፋየር ጋር ይህ ባሱን 1 ዴሲቤል ያህል ያነሣዋል፤ ለብዙ ጆሮ ደስ የሚል ሙቀት ነው፣ ሰዎች ይህን ጥምረት የሚያወድሱትም በከፊል ለዚህ ነው። ባለ 32 ኦሙ ባስ ላይ ወደ 64 ቢወጣ ግን ልዩነቱ 4 ዴሲቤል ይደርሳል። ያኔ ባሱ ያብጣል፣ የዘፋኙን ድምፅ ይሸፍናል፣ የከበሮው ምት መነሻና መድረሻው ይጠፋል። ስለዚህ የመከሩዎት ሰዎች ስለ ኦቲኤል ከሆነ የተናገሩት ልክ ናቸው። ለመመዘኛ የሄድፎኑ ኢምፒዳንስ ከአምፕሊፋየሩ የውፅዓት ኢምፒዳንስ ቢያንስ 8 እጥፍ ቢሆን ድምፁ አይለወጥም ይባላል። ኦቲኤሎች ይህን ብዙ ጊዜ አያሟሉም፤ 3 ወይም 4 እጥፍ ላይ ግን ለውጡ ትንሽ ስለሆነ እኔ ቅር አይለኝም።

አምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ካለው በ32 ኦም ሄድፎንዎ ያለ ሐሳብ መጠቀም ይችላሉ። ኢምፒዳንሱ ዝቅተኛ የሆነ ፕላናር ሄድፎንም (ድምፁን ስስ ጠፍጣፋ ሽፋን የሚያወጣበት ዓይነት) ቦታው እዚህ ነው። የፕላናር ኢምፒዳንስ ከባስ እስከ ቀጭኑ ድምፅ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቅላጼው አይለወጥም፤ ከረንት ግን ይፈልጋል፣ ኦቲኤል ደግሞ ከረንት የለውም። ጆሮ ውስጥ የሚገቡትን ትንንሾቹን ከቲዩብ ጋር አያገናኙ፤ በጥቂት ጉልበት ስለሚጮኹ የአምፕሊፋየሩን እምምታ (የማያቋርጥ ዝቅተኛ ጉምጉምታ) ሁሉ ያሰሙዎታል።

ለሄድፎን ብዙ ዋት እንደማያስፈልግም ይወቁ። ኤችዲ 650 በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል ይጮኻል፤ 110 ለመድረስ 2.2 ቮልት ይበቃዋል፤ ይህም 16 ሚሊዋት ገደማ ነው። ስልክ ከ1 ቮልት ብዙም ስለማያልፍ ነው ባለ 300ና ባለ 600 ኦሞቹ በስልክ የሚደክሙት። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 በ32፣ በ250 እና በ600 ኦም ስለሚሠራ ሲገዙ ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ።

ስለ ክፍትና ዝግ ሄድፎን አንድ ነገር ልጨምር። ኤችዲ 650ም ዲቲ 880ም ድምፅ ያስገባሉ፣ ያስወጣሉም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በእነሱ ማዳመጥ አይቻልም። የሚኖሩት ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ባለ 250 ኦሙን ዲቲ 770 ያስቡበት፤ ዝግ ነው፣ ከኦቲኤልም ጋር ይስማማል።

ኦቲኤልን ሲያበሩ ሄድፎኑን ወዲያው አይሰኩ። ቲዩቡ እስኪሞቅ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሲነሣ የሚመጣው ምት ሄድፎኑንም ጆሮንም ይጎዳል።

በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየሮች እውነተኛ ናቸው?

አብዛኞቹ ሃይብሪድ ናቸው፦ ፊት ላይ ትንሽ ቲዩብ፣ ጉልበቱን የሚሰጠው ግን ትራንዚስተር ወይም ቺፕ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የውፅዓት ኢምፒዳንሳቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ከማንኛውም ሄድፎን ጋር ይስማማሉ። ነገር ግን ቲዩቡ በ12 ወይም በ24 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነና ከሥሩ ብርቱካናማ አምፑል ካስገቡበት ከድምፁ ይልቅ ለዓይን የተሠራ ነው። የቲዩብ የራሱ ብርሃን ደብዘዝ ያለ፣ ከውስጥ ካለው ክር ብቻ የሚወጣ ነው።

ቲዩቡን በሌላ ብቀይር ድምፁ ይሻሻላል?

ጥቂት ይለወጣል። የተሳሳተ ጥምረትን ግን አያስተካክልም፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከትንንሾቹ ቲዩቦች የ12ኤኤክስ7 የማጉላት መጠን 100፣ የ12ኤቲ7 60፣ የ12ኤዩ7 20 ገደማ ነው። እግራቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንዱን በሌላው ቦታ መሰካት ትክክል አይደለም፤ የሚፈልጉት ከረንት የተለያየ ነው። 6922 የሚባለው ቲዩብም እንደ እነሱ ዘጠኝ እግር ይኑረው እንጂ የማሞቂያው አሠራር ከ12ኤኤክስ7 የተለየ ነው። የሶቪየቱ 6ኤን2ፒም እንዲሁ፤ ከ12ኤኤክስ7 ጋር ይቀራረባል ተብሎ በቀጥታ ከተሰካ አይሠራም።

እኔ የምመክረው ዛሬም የሚመረቱ ቲዩቦችን የሚጠቀም አምፕሊፋየር እንዲመርጡ ነው። 12ኤኤክስ7፣ 12ኤዩ7፣ 6ኤስኤን7፣ ኢኤል84፣ ኢኤል34 እና ኬቲ88 በስሎቫኪያው ጄጄ፣ በሩሲያና በቻይና ፋብሪካዎች ይሠራሉ። ጎንደር ውስጥ ቲዩብ ሲቃጠል ፒያሳ ወጥተው ገዝተው የሚመለሱት ዕቃ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል። አንድ ተጨማሪ ጥንድ የኃይል ቲዩብ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አብረው ይግዙ። ለፑሽ ፑል የተመሳሰለ ጥንድ ይሁን። የባያስ (በቲዩቡ ውስጥ ዘወትር የሚያልፈውን ከረንት የሚወስነው ማስተካከያ) አሠራሩ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል፣ ካቶድ ባያስ የሚባለው፣ ከሆነ ቲዩቡን ራስዎ መተካት ይችላሉ፤ ፊክስድ ባያስ ከሆነ በመለኪያ ማስተካከል የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል። ለእኛ ከተማ የመጀመሪያው ይመረጣል።

ቲዩብ መቼ ነው የሚለወጠው?

የኃይል ቲዩብ በጥሩ አያያዝ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት፣ ትንንሾቹ ደግሞ እስከ 10,000 ሰዓት ሊያገለግሉ ይችላሉ። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየውን የብር ቀለም ይመልከቱ፤ የቀረ አየር እንዲውጥ የተቀባ ነው። ብሩ እንደ ወተት ከነጣ መስታወቱ ተሰንጥቆ አየር ገብቷል፤ ያ ቲዩብ አልቆለታል።

ከዚህ የሚያስፈራው የፕሌቱ መቅላት ነው። የክፍሉን መብራት አጥፍተው በጨለማ ይመልከቱ። መሐል ያለው ክር መቅላቱ ጤና ነው። በዙሪያው ያለው ግራጫ ብረት ከቀላ ግን ወዲያውኑ ያጥፉት፤ ትንሽ ቢቆይ ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። ቲዩቡን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብለው ሲነኩት በስፒከሩ በኩል የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ላልቷል።

የጎንደር መብራት ለቲዩብ አምፕሊፋየር አደገኛ ነው?

ጥንቃቄ ይፈልጋል። የብዙ ቲዩቦች ማሞቂያ የሚሠራው በ6.3 ቮልት ነው፤ በ10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይታገሣል። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ወደ 190 ሲወርድ ማሞቂያው ወደ 5.4 ይወርዳል፤ ድምፁ ይደክማል፣ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለም ካቶዱ (በማሞቂያው የሚሞቀው የቲዩቡ ክፍል) ይጎዳል። ወደ 250 ሲወጣ ከ7.1 ያልፋል፣ የቲዩቡ ዕድሜም ያጥራል። ስለዚህ ስታቢላይዘር የግድ ነው። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዋት እጥፍ የሚችል ይግዙ። ነጠላ ትራዮድ አምፕሊፋየር ለስፒከሩ 8 ዋት እየሰጠ ከግድግዳው 100 ዋትና ከዚያ በላይ ሊወስድ እንደሚችል አይርሱ።

መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ወዲያው ያጥፉ። መጥቶ፣ ሄዶ፣ እንደገና መጥቶ የሚረጋጋበት ጊዜ ስላለ ከተመለሰ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሡ። ኢንቨርተር የሚጠቀሙ ከሆነ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚሰጥ ይሁን፤ ሌላው ትራንስፎርመሩን ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋልም።

ከፍታችንም ይቆጠራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ የብዙ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መመሪያም እስከ 2,000 ሜትር ነው የሚለው። ይህ አይጠቀሙ ማለት አይደለም፤ ቦታ ይስጡት ማለት ነው። ቡፌ ውስጥ አይዝጉበት፣ ዳንቴል አያልብሱት፣ ከላዩ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ክፍት ይተዉለት። በበጋ አቧራውን ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ሕፃናት ካሉ የቲዩቡ መሸፈኛ ብረት አይነሣ፤ መስታወቱ ቆዳ ያቃጥላል።

ወንድሜ ከአሜሪካ ላከልኝ። እንዳለ ልሰካው?

አይሰኩት። ጀርባውን ያንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ባለ 220 ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ቀጥሎ ኸርዙን ያንብቡ። 50/60 ካለ መልካም ነው። 60 ብቻ ካለ ቮልቴጁ ቢስተካከልም በእኛ 50 ኸርዝ ትራንስፎርመሩ ከሚገባው በላይ ይሞቃል፣ ያንጎራጉራልም፤ እንዲህ ያለውን ባይገዙ ይሻላል። ገና ካልተላከ ቲዩቦቹ ተነቅለው፣ እያንዳንዳቸው ተጠቅልለውና የት እንደነበሩ ተጽፎባቸው ለብቻቸው እንዲታሸጉ ይንገሯቸው። ተሰክተው የመጡ ብዙ ጊዜ ይሰበራሉ።

የአያቴ ባለ ቲዩብ ሬዲዮ አለ። አምፕሊፋየር ሊሆነኝ ይችላል?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ዛሬ አይሰኩት። ለአሥርት ዓመታት የቆመ ሬዲዮ ውስጥ ያሉት የወረቀትና የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች አብዛኞቹ ተበላሽተዋል፤ በድንገት 220 ሲያገኙ ይፈነዳሉ፣ ትራንስፎርመሩንም ያቃጥላሉ። አዋቂ ጠጋኝ በመጀመሪያ ካፓሲተሮቹን ይለውጣል፣ ከዚያም ከድሮው ዓይነት ባለ ክር አምፑል ጋር በተከታታይ አገናኝቶ ያበራዋል። አምፑሉ በኃይል ከበራ ውስጡ ሾርት አለ።

ከዚያ በፊት የቲዩቦቹን ስም ያንብቡ። በአውሮፓ ሬዲዮዎች ላይ የመጀመሪያው ፊደል ኢ ከሆነ ማሞቂያው በ6.3 ቮልት ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ የኃይል ትራንስፎርመር አለው። ዩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዩኤል84 እና ዩዋይ85፣ ማሞቂያዎቹ በተከታታይ ተያይዘዋል፣ የሬዲዮው ብረትም ከግድግዳው መስመር ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ከስልክ ወይም ከሄድፎን ጋር ማገናኘት ሰው ሊገድል ይችላል። ለማስታወሻ ያስቀምጡት።

በኢ የሚጀምረው፣ መውጫው ላይ ኢኤል84 ወይም ኢኤል41 ያለው ሬዲዮ ግን ሲታደስ የሚያስደስት ነገር ነው። ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የመጀመሪያውን ቲዩብ ሠራ፤ ሊ ደ ፎረስት በ1906 መሐሉ ላይ ግሪድ (የሽቦ መረብ) ጨመረበት። ትንሽ ድምፅ ትልቅ ከረንት እንዲያዝ ያስቻለው ያ ግሪድ በአያትዎ ሬዲዮ ውስጥም፣ ዛሬ በሚሸጠው 300ቢ ውስጥም ያው ነው። አሮጌ የክራር ቅጂን በሬዲዮው ትልቅ ኮን መስማት ለብቻው ደስታ አለው።

ክዳኑን ራስዎ አይክፈቱ። ውስጡ ከ250 እስከ 450 ቮልት አለ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ይይዙታል።

ድምፁ ይንጫጫል፣ ያስተጋባል። ቲዩቡ ነው?

ሴራሚክ ወለል፣ የብሎኬት ግድግዳና ሰፊ መስኮት ካለዎት ክፍሉ ነው። ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፣ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ትንሽ ያርቁ። አምፕሊፋየር ከመቀየር ይልቅ ይህ ይበልጣል፣ ወጪውም ያንሳል። የጭቃ ቤት ልስን ከብሎኬት ይልቅ ለጆሮ ይለሰልሳል።

ከስልክ፣ ከሸክላ ማጫወቻስ ጋር ይገናኛል?

ስልክ በቀጥታ ወይም በትንሽ ዳክ (ዲጂታል ምልክትን ወደ ድምፅ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ) በኩል ይገናኛል። ሸክላ ማጫወቻ ግን ምልክቱ እጅግ ደካማ ስለሆነ በመካከል ፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር ይፈልጋል፤ አንዳንድ አምፕሊፋየሮች ውስጣቸው አላቸው፣ ፎኖ የሚል መግቢያ ይፈልጉ።

ለሠርግ ዳስ ወይም ለጥምቀት ልጠቀምበት?

አይሆንም። ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ለዚያ ብዙ መቶ ዋት ያለው ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ይከራዩ።

ያገለገለ አምፕሊፋየር ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው አለ። ምን ልመልከት?

ያንሱት፤ የቲዩብ አምፕሊፋየር ክብደቱ ትራንስፎርመሩ ነው፣ በጣም ቀላል ከሆነ ይጠራጠሩ። ጀርባው ላይ 220 ወይም 230 መኖሩን ያረጋግጡ። ያሽትቱት፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አይጠፋም። የራስዎን ስፒከር ወይም ሄድፎን ይዘው ይሂዱ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ያዳምጡት፤ ብዙ ብልሽት የሚታየው ከሞቀ በኋላ ነው። ድምፁን ዜሮ አድርገው ጆሮዎን ያስጠጉ፤ በሁለት ክንድ ርቀት የሚሰማ እምምታ ካለ ካፓሲተር አርጅቷል። አንዱ ወገን ከደከመ አጥፍተው፣ አቀዝቅዘው የግራና የቀኙን ተመሳሳይ ቲዩቦች ያቀያይሩ፤ ድካሙ ከቲዩቡ ጋር ከተዛወረ ጉዳዩ ቲዩብ መግዛት ብቻ ነው፣ በቦታው ከቀረ ግን ከውስጥ ነው። ሻጩ ግማሽ ሰዓት አልሰጥም ካለ ይተዉት።